የአሶሳዋ ሰንጠረዠኛ

ለወንድሜ ለጥሩሰው፤ እንደምን ከርመሃል? እኔስ ደክሞኛል፣ እግሬ አብጧል፣ ሙቀቱም እንቅልፍ ነሥቶኛል።

እዚህ አሶሳ ኸድራ የምትባል ሴት አለች፤ እንጀራዋ ሰንጠረዥ ነው። የቀርከሃ ዳስ ውስጥ ተቀምጣ ከመጣው ነጋዴ ሁሉ ጋር ትጫወታለች፤ የተሸነፈ ይከፍላታል፣ እሷም ልጆቿን ታበላለች። እኛ አገር ሰንጠረዥ የጌቶች መዝናኛ አይደል? እኔም በአገሬ የሚረታኝ የለም ብዬ ፊቷ ተቀመጥኩ። እያዛጋች ንጉሤን በመደቅ፣ በዚያች በተናቀች እግረኛ፣ ያዘችው! በፈረስ ብትረታኝ ባልከፋኝ። የከበበን ሰው ሁሉ "ሽማግሌው በእግረኛ ተማረከ!" ብሎ ሳቀብኝ።

"ድገሚኝ" አልኳት።

"አባቴ፣ ዛሬ ደከመኝ። ለአንተ ጨዋታ ነው፣ ለእኔ ሥራ። አንተ ከእርሻ ስትገባ ለጨዋታ ደግመህ ታርሳለህ?" አለችኝ።

አብረውኝ የመጡት ሲራራ ነጋዴዎች ነገ ወደ አገር ይነሣሉ። እኔ ግን ሳልረታት አልመጣም፤ ይህን ፖስት ካርድም በእነሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ደግሞስ ከእንግዲህ ቤቴ ማን ይጠብቀኛል?

ቦታው አለቀብኝ። ልጆችህን ሳምልኝ። እባክህ፣ ከባለቤቴ ከየሺሀረግ መቃብር ላይ አረሙን ንቀልልኝ።

ወንድምህ ሰጠኝ