የዓርብ ባለሱቅ

ጉለሌ፣ የካቲት 1979 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሸፊ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህን የምጽፍልህ ባንኮው ላይ ተደግፌ ነው። አባባ ጁምዓ ሄደዋል፤ ዛሬ የኔ ዓርብ ነው። ጓደኛህ ቶለሳ ነገ ወደ ጦሩ ስለሚመለስ በእጁ ይሰጥሃል። መንገድ ላይ ማንም አይከፍተውም ብዬ ያሰብኩትን ሁሉ እጽፋለሁ።

ደህና ነን፤ ግን ደክሞናል። እማዬ በር ሲንኳኳ ስለምትደነግጥ ቀኑን ሙሉ ክፍት ትተወዋለች። የእንጦጦ ንፋስ አቧራውን ይዞ ይገባል። እጠርጋለሁ፤ ተመልሶ ይገባል፤ ደግሞ እጠርጋለሁ።

ቶለሳ ጳውሎስ ሆስፒታል ክንዱን ሲታከም ከርሞ ትናንት ሊጠይቀን መጣ። "ከሸፊ ጋር በአንድ ጓድ ውስጥ ነን" ከማለቱ እማዬ እጁን ያዘችው።

"ልጄ አለ?"

"አለ እማማ ረሂማ። ኧረ ቀስ፣ የያዙት የታመመውን ነው!"

ሳቅን። ከዚያ ስለ ደረቁ ወንዝ ነገረን። አሥር አለቃችሁ ሲወድቅ፣ ምክትሉ ቀድሞ ስለቆሰለ፣ ሁላችሁም ድንጋይ ስር ተኝታችሁ ትእዛዝ ትጠብቁ ነበር አሉ። መውጫው ከኋላችሁ ነበር።

"ሁላችንም እያየነው ነበር" አለ ቶለሳ። "ግን መናገር የማን ነው? ተራ ወታደር መታዘዝ እንጂ ሌላ ምን ተምሯል?"

እንዲህ ስትጠባበቁ ሁለት ልጆች ተመቱ። በመጨረሻ አንተ ተነስተህ "በኋላ በኩል! ቁስለኛ ይቅደም! ተራ በተራ!" ብለህ ጮህክ።

"ስኳር የሚያከፋፍል ነው የመሰለው" አለ ቶለሳ። አባባ ሊስቁ ጀምረው ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ።

አሁን ኮርስ ገብተህ የጓድ መሪ እንድትሆን እንደጠየቁህ የነገረን እሱ ነው። በፈቃድ ነው አለ። አንተም ቤተሰቦቼ ምን ይላሉ ብለህ ልከኸዋል።

"በፍጹም!" አለች እማዬ። "አለቃውን አይደል ቀድመው የሚመቱት? ራስህ አሁን ነገርከኝ እኮ!"

"እማማ፣ ሁላችንንም በግድ ቢያስተምሩን ኖሮ እኮ እነዚያ ልጆች..." አልጨረሰውም።

"ሁሉ አለቃ ከሆነ ማን ሊታዘዝ ነው?"

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ቤት ልጆቹ በሙሉ ባለሱቅ ናቸው። ሲያመኝ ሱቁ ተዘግቶ ያውቃል?"

"የሸፊ አባት፣ ሱቅ ላይ ጥይት አይተኮስም!"

 

ሌሊቱን ግን የአባባን ደንብ ሳስብ ነበር። እሳቸው ጁምዓ ሲሄዱ ከልጆች አንዱ ባለሱቅ ይሆናል፤ ታናሽም ቢሆን ትልቁ ይታዘዘዋል። ቢሳሳትም እሳቸው እስኪመለሱ የሚያርመው የለም። የመጀመሪያዬ ዓርብ ትዝ ይልሃል? ከጨው ጆንያው ጀርባ ተደብቄ ሰዎቹ "ኧረ ባለሱቅ የለም እንዴ?" እያሉ ሲጮሁ አንተ በጓሮ ዞረህ እንደ ደንበኛ መጣህ።

"እህቴ፣ ሳሙና አለሽ?"

"አለ" አልኩ በሹክሹክታ።

"እኔ ጆሮዬ አይሰማም፣ ጮክ በይ!"

"አለ! ላንተ ግን አይሸጥም!"

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ከጆንያው ጀርባ ወጣሁ።

ሸፊ፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ልጅ ነኝ፤ ስለ ጦር ምንም አላውቅም። ግን ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ለሁላችሁም ግዴታ ነው አይደል? ማንም ቤተሰብህን ጠይቅ አይልም። አለቃ ሲወድቅ ለመናገር ሲሆን ለምን በፈቃድ ሆነ? እሺ ያለ ልጅ ሞትን የመረጠ ይመስላል። እምቢ ያለ ደግሞ ወንዙ ውስጥ ተኝቶ ሰው ይጠብቃል። ለሁሉም ግዴታ ቢሆን እማዬም ይህን ባልተጠየቀች ነበር። እሺ ማለትም እምቢ ማለትም አቅሟን ጨርሶባታል፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ዛሬ ጠዋት ወረቀት አምጥታ "ጻፊ፤ እናትህ እምቢ በል ብላሃለች በይ" አለችኝ።

"አልጽፍም" አልኩ።

ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። እማዬ ትክ ብላ አየችኝ። "ይቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አፍ ያወጣችው?"

አባባ ኮፍያቸውን እያደረጉ ነበር። "ዛሬ የሷ ዓርብ ነው" አሉ። "አይታረምም።" ወጡ።

እማዬ ቁጭ አለች። ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርጋ፣ "እኔ ግባ አላልኩም፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊ" አለች። "ከገባ ግን የተማረውን ለራሱ እንዳይዘው። ሁሉንም ያስተምራቸው፤ ትንሹንም ፈሪውንም። ሁልጊዜ የኔን ልጅ ብቻ እንዳይጠብቁ።"

የሷን ቃል እንዳለ ጻፍኩልህ። የኔ ይኸው፦ ግባ፣ ሸፊ። ከዚያ ጓዱን አንድ ቀን ለዝምተኛው ልጅ ስጠው፤ ቢሳሳትም አታርመው። ካስፈለገም ዞረህ ሳሙና ጠይቀው።

በር ላይ ክብሪት የሚፈልጉ ሴትዮ እየተጣሩ ነው። ጮክ ብዬ መመለስ አለብኝ።

አላህ ይጠብቅህ።

እህትህ ሙኒያ
የዛሬዋ ባለሱቅ