ሥራ ፈቱ አይቀሰቀስም

ወዳጄና ጎረቤቴ አናጢው፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ሌላ የሚልህ ካለ ውሸቱን ነው።

ልጄ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ እንዳቀረቀረች ነው። "ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት።

"ኮምፒውተሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩ ስምንት ክፍሎች አሉ፣ እንደ ሠራተኞች ቁጠራቸው፣ አባዬ። ሁሉም የሠራውን የሚመዘግብ የየራሱ ቆጣሪ አለው። ቆጣሪውን ለማንበብ ግን እያንዳንዱን ሥራ አስቁሜ ራሱን መጠየቅ አለብኝ።"

"ሥራ የፈታውንስ?"

"እሱን አልቀሰቅሰውም፤ ይተኛ።"

ስለ እኔ የምታወራ መሰለኝ። አንተ ብትሆን ከአጥራችን ማዶ "አንተ ሽማግሌ፣ ሞተሃል እንዴ?" ብለህ ትጮህብኝ ነበር።

ይህን ፖስት ካርድ የምትጽፍልኝ እሷው ናት። እዚህ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "አባዬ፣ አንተስ እንዴት ነህ?" አለችኝ። "ጻፊ እንጂ፣ ካርዱ ሊሞላ ነው" አልኳት።

ባለቤትህን፣ ልጆችህን ሳምልኝ። ጉሮሮህንም ጠብቅልኝ፤ ስመለስ ትጮህብኛለህ።