ግራ እጅህ ጀርባዬ ላይ

ይርጋዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ባለፈው ሳምንት ተዝካርህን አወጣን። የሰፈራችን የክርያት ሞሼ ሰው ሁሉ መጥቶ ወንበር አልበቃ ብሎን ከጎረቤት ተዋስን።

ልጃችን ጦር ሠራዊት ገብታለች። ዓርብ ዓርብ ስትመጣ ሰንበት እስኪገባ ድረስ የልብስ ማጠቢያው አያርፍም። ከላያችን የነበረው ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ መዝከረት ባትያ ወደሚባለው ከተማ ሄደ። ያን ሁሉ ዓመት ሌሊት ጋግሮ ከምሳ በኋላ ሲተኛ እንዳንቀሰቅሰው ስንሳቀቅ ኖርን፤ አሁን ፒያኖውን እንደልብህ ብትመታው የሚቆጣ የለም። የሚመታው ጠፋ እንጂ። ከሄድክ ወዲህ ክዳኑን አልነካሁትም ነበር።

ያ ጋጋሪ ባይኖር ግን የኔ ጀርባ ጃዝ ባልተማረ። እሱ ሲተኛ መጀመሪያ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትለማመድ ነበር። እናትህ ጣቶችህ ሲርበተበቱ አይተው በሽታ መስሏቸው፣ ቄሱ ይጸልዩለት ያሉት ትዝ ይልሃል? ብርጭቆዎቹ ሲንጫጩ ጠረጴዛውን ተውክና ወደ እኔ ዞርክ። እኔ ምስር ስለቅም ከኋላዬ ወንበር ስበህ ጀርባዬ ላይ ትጫወታለህ።

ፒያኖ ላይ አንዲት ጣት አስቀምጬ አላውቅም፤ ግን የትኛው ጣትህ የት እንደሚያርፍ ሳላስበው ተማርኩ። የግራ እጅህ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ታች ወፍራሙን ድምፅ፣ ባሱን ይዘው ይራመዳሉ። የዚያው እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል ላይ የራሳቸውን ዜማ ያወጣሉ። ቀኝ እጅህ ደግሞ ትከሻዬ ላይ እንደ ጤፍ ይበተናል። አንድ ሰው ሆነህ ሦስት ሰው ትሆንብኝ ነበር። ምስሬን አስደፋኸኝ እያልኩ እቆጣህ ነበር። ውሸቴን ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ተዝካርህ ላይ ኖጋ የምትባል ፒያኖ አስተማሪ መጣች። እዚሁ ቤት በስልኬ የቀዳሁት ጨዋታህ ከሰው ደርሷት ደጋግማ ሰምታዋለች። በአክብሮት ነው የተናገረችው፤ ግን ይህ የአንድ ሰው እጅ ሊሆን አይችልም፣ ባሱን ሌላ ሰው ተጫውቶለታል አለችኝ። ደሜ ፈላ። ገና አልበሰለም እያልክ መድረክ ላይ አውጥተኸው አታውቅም። ምስክርህ እኔ ብቻ ነኝ፤ የሚስትን ምስክርነት ደግሞ ማን ይቀበላል?

ሰው ከወጣ በኋላ ጀርባሽን ስጪኝ አልኳት። አፈረች፣ ግን ዞረች። ዓይኔን ጨፍኜ ጀርባዬ የሚያውቀውን በጣቶቼ ለመመለስ ሞከርኩ። በዓመት ውስጥ ረስቼው ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ፤ መጀመሪያ ላይም ጠፋኝ። ኋላ አውራ ጣትህ ትንሽ ዘግይቶ እንደሚገባ ትዝ ሲለኝ ሌላው ተከታትሎ መጣ። ኖጋ ተነስታ ፒያኖውን ከፈተችና በቀስታ ሞከረችው። ተሳሳተች፣ ደገመችው። በሦስተኛው ሙከራ ግራ እጅህ ቤታችን ውስጥ ተራመደ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይቅርታ ጠየቀችኝ። አሁን ረቡዕ ረቡዕ እየመጣች ትማራለች፤ አስተማሪዋ እኔ ነኝ ብልህ ትስቅብኛለህ። ቀረጻው ከማለቁ በፊት ስለሚቋረጥ መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እዚሁ ላይ ነው የሚያልቀው አልኳት። በዕብራይስጥ ቤሰደር፣ እሺ ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ዋሸኋት። ስትጨርስ ሁልጊዜ መዳፍህን ዘርግተህ ጀርባዬ መሃል ታሳርፈው ነበር፤ ሙቀቱ ልብሴን አልፎ እስኪገባ ድረስ አታነሳውም። እሱን ለማንም አላሳይም። ጣቶችህን ለኖጋና ለተማሪዎቿ ሰጥቻለሁ፤ መዳፍህ ግን የኔ ነው። ቦታውን እስክሞት አልረሳውም፣ ይርጋዬ። ዛሬም ምስር ልለቅም ስቀመጥ መጀመሪያ ያንተን ወንበር ከኋላዬ አስቀምጣለሁ።

ያንተዋ፣
አዝመራ