እማዬ ዛሬም ለመንገድ ለብሳለች

አባዬ፣ ካለህበት ሰላም ላንተ ይሁን።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቤቱ እንደተውከው ነው፤ የአጥሩን በር ብቻ በብረት አስቀየርኩት። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

አንተ የእማዬን የመርሳት በሽታ ከኛ ደብቀህ ብቻህን ተሸከምከው። ደውዬ ደኅንነታችሁን ስጠይቅ «ሸጋ ነን» ትለኝ ነበር። እውነቱን ያየሁት ለቀብርህ ከደባርቅ ስመጣ ነው። ከለቀስተኛው መሐል ተቀምጣ «ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ። ሥራዬን ትቼ እዚሁ ጎንደር ቀረሁ።

መጀመሪያ «አባትሽ ምነው ዘገየ?» ባለችኝ ቁጥር እውነቱን እነግራት ነበር። እሷም በየጊዜው እንደ አዲስ መርዶ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። ጎረቤት ጠበል ውሰጃት አለኝ፤ ወሰድኳት። ጥቂት ተረጋጋች፤ ጥያቄዋ ግን አልቀረም።

በኋላ ጤና ጣቢያው እንደኔ ያሉ አስታማሚዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ መሰብሰብ ጀመረ። ነርሷ እንዴት እንደምናጥብና እንደምናባብል ታሳየናለች። ተራ ገብተንም አንዳችን የሌላውን በሽተኛ እየጠበቅን ትንሽ እንተነፍሳለን። ሚስታቸውን የሚያስታምሙት አያ ማሩ ጉዳዬን ሰምተው «ልጄ፣ ባሏን በየቀኑ አትቅበሪባት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ «አይከል ገበያ ሄዷል» እላታለሁ። ለቅሶዋ ቆመ።

ግን መጠበቅ ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ አጣኋት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሲፈልጋት መናኸሪያ፣ የአይከል ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ተገኘች። «ቶሎ ነይ ብሎ ጠርቶኛል» አለችኝ፤ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቷል። የአጥሩን በር በብረት ያስቀየርኩት በማግሥቱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አያ ማሩ አልመጡም። ሚስታቸው ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም፤ ፈላጊው ወንዝ ለወንዝ እየዞረ ነው አሉን። ነርሷም ወደ ሌላ ወረዳ ልትዛወር ነው፤ ስብሰባው ይቀጥል አይቀጥል የሚያውቅ የለም። እያንዳንዳችን በራችንን መቆለፋችንን እያሰብን ቶሎ ተበተንን።

ይህን ስጽፍልህ እማዬ ጫማዋን አድርጋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። የኔን ስም ከረሳችው ቆየች። ያንተን ግን ትጠራለች፤ ከዚያም ሰው እንደሚመልስላት ሁሉ ዝም ብላ ታዳምጣለች።

አባዬ፣ አልረሳህም። ሰንበት ከቅዳሴ ስትመለሱ እጇን ይዘህ ዳገቱን ስታወጣት፣ እኔ ከኋላችሁ ስስቅባችሁ፣ ያን ሁሉ የእሷንም ድርሻ ጨምሬ አስታውሰዋለሁ። የምትጠራት አንተ ከሆንክ ግን፣ እለምንሃለሁ፣ ወደ መንገድ አትጥራት። ከአልጋዋ ላይ፣ እጇን ይዤ ሳለሁ ይሁን።

ልጅህ