ከረባትና ዓሣ

ቆቦ፣ የካቲት ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፤ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር።

የልጅ ልጄ፣ መሐንዲሱ ሰይድ፣ ማለዳ መጣ። በየሳምንቱ ሐይቅ ሄዶ ዓሣ ያጠምዳል፤ ያወረስሁትን ባለሰደርያ ሙሉ ልብስ ለብሶ ነው የሚሄደው። ሊያገባት የሚሻት የዋጃ ከተማዋ ልጅ አባት አውቶቡስ ውስጥ አይተውት ኖሮ፣ «ከረባት አስሮ ዓሣ ለሚያንጠለጥል ልጄን አልሰጥም» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው።

«አባባ፣ ደብዳቤ ይጻፉላቸው። ማጥመዱን ትቷል ይበሉልኝ።»

«ትተኸዋል?»

«ወላሂ፣ አልተውኩም!» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግጥም መጻፌን ከአማቴ ደብቄ ሰባት ዓመት እንደ ሌባ በስርቆሽ ጽፌአለሁ። ያን ኑሮ ለሰይድ አልመኝለትም። ስለዚህ «ልጁ ዓሣ ያጠምዳል፤ ካገባም በኋላ ያጠምዳል» ብዬ ጻፍሁ። እርሱ ሳያነበው አሽጌ በዋጃው ሚኒባስ ላክሁት።