ፈቲያ ጮክ ብላ ስታነብ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዛሬ ፈቲያን አስከፋኋት። ዘንድሮ ግቢው በሙሉ አንድ መጽሐፍ እያነበበ ነው፤ ከየአገሩ ጅማ የመጣን ተማሪዎች መከባበር እንድንለምድ ነው አሉ። በንባብ ክበባችን የዛሬው ተራ የዶርም ጓደኛዬ የፈቲያ ነበር። እዚሁ ጅማ አጠገብ ያለችው የየቡ ከተማ ልጅ ናት፤ አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። «ሠርጉ ገና ነው» የሚለውን እንደ በዓሉ ገና አጥብቃ አነበበችው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ጓደኛዋ ሆኜ ሳቅሁ። ቀና ብላ ያየችው እኔን ብቻ ነበር።

ወደ ዶርም ስንመለስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። በሩ ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«ፈቲ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ እንኳን መሳቅ አልነበረብኝም።»

«ወላሂ ከፍቶኝ ነበር» አለች። ቀጥላ ግን ፈገግ አለች። «እኔም ንጹህ አይደለሁም። ኦሮምኛ ስትሞክሪ የምትዪውን ለእናቴ በስልክ እያስመሰልኩ አስቃታለሁ።»

«እንዴ! እሷስ ምን ትላለች?»

«ቅዳሜ ይዘሻት ነይ፣ ራሷን ልስማት ትላለች።»

ልቆጣ ብል ሳቄ ቀደመኝ። እስከ እራት ድረስ ለእናቷ የምለውን ሰላምታ ስታለማምደኝ ቆየች። አንዱ ቃል ግን እስካሁን አልያዘልኝም። «እሱን እንዳታስተካክዪው፤ እናቴ የምትወደው እሱን ነው» ብላኛለች።