ወንድሜን ከደጃችን ስላስቀራችሁልን

ለተከበሩ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእኛን ጤና እርስዎ ከእኛ በላይ ስለሚያውቁት በዚያ አላደክምዎትም። እኔ የልብስ ሰፊዋ ትልቋ ልጅ ነኝ፤ ክፍልዎ የእናቴን ቋንቋ የሚችል ሰው ስለሌለው በምርመራዋ ቀን ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ለዋላችሁልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሐኪምዎ በዐሥር ደቂቃ ሠላሳ ጥያቄ ስለጨረሱ እጅግ እናመሰግናለን። እኛ ዕድሜ ልካችንን አብረናት ኖረን እናታችንን ገና አልጨረስናትም።

፪. ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዎታል ወይ ሲባል እናቴ በሰፊው መልሳ ነበር። በያጁ ወንድሜ ከፎቅ ወድቆ ከሞተ ሁለት ዓመት ቢሆነውም፣ ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ከደጅ አንዴ «እማዬ» እንደሚላት፣ እሷም «ግባ ልጄ፣ ክፍት ነው» ብላ የስፌት መኪናዋን ሸፍና እራቷን እንደምትበላ፣ መሞቱንም እንደማትስት፣ በእናቷም በአያቷም ቤት ሙታን እንዲህ ብቅ እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ነገረቻቸው። ሐኪምዎ ሰዓታቸውን አይተው፣ አዎ ወይስ አይደለም በይኝ አሉኝ። አዎ አልኩ። ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ በእኔ አንድ ቃል ተፈረደባት፤ ስለዚህ በዚህ ቁጥር እናንተን ብቻ ማመስገን ግፍ ይሆንብኛል።

፫. በዚያው ቀን የታዘዘላት መድኃኒት ፍቱን ነው። በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ጠፋ፤ ሐኪምዎም «ተሽሏታል» ብለው ጻፉ። የተሻላት እናቴ እጇ እየተንቀጠቀጠ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷታል። ወንድሜ ይመለስበት በነበረው ሰዓት ወንበር ስባ በሩ ሥር ትቀመጣለች፤ እባክሽ ቅመሺ ስንላት «ልጄ ሳይገባ?» ትለናለች። ሲሞት አልቅሳ ቀብራው ነበር፤ አሁን ግን የት እንደገባ አታውቅምና ማልቀስም አልሆነላትም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ያንን በር ቀና ብዬ ማየት እፈራለሁ።

፬. እንደገና ከመጀመሪያው ትሰማልኝ፣ ከእኔ የተሻለ አስተርጓሚ ይመደብላት ብዬ ሁለት ጊዜ አመልክቼ ነበር። መልስ ባለመስጠት ስላሳያችሁን ጨዋነት እናመሰግናለን። እሷ ግን እየመነመነች ነው።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
እየተሻላት የምታልቀው ታካሚዎ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንድሜ ከደጃችን ከቀረ ወዲህ የት እንደሚውል አናውቅም። ምናልባት በእናንተ ኮሪደር ሲንከራተት ካያችሁት፣ ካርድ አላወጣህም ብላችሁ አትመልሱት። እናትህ እራት አልበላችም በሉልኝ።